«ጠፋ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ዛሬ ከወትሮው ወጣ ባለ ጉዳይ ነው የመጣሁት። ረዘም ይላል፤ ግን ልጁን አዳሪ ትምህርት ቤት ያስገባ፣ አዳሪ ሆኖ የተማረ፣ ወይም አዳሪ የሚያስተዳድር ሰው ቢያነበው አይከፋውም ብዬ አስባለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ የቆየ ወዳጄ ከደብረ ማርቆስ ደወለልኝ። ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም ነበርን። እኔ ጋዜጠኛ ሆንኩ፤ እሱ መምህር ሆነ። አሁን ከማስተማሩ በተጨማሪ በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት የተማሪዎች መኝታ ተቆጣጣሪ ነው። ከሰላምታ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንዲት ተማሪ ጠፍታብን ነበር» አለኝ። ልጅቱ በሦስተኛው ቀን በራሷ እግር ተመልሳለች። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰኞ ይሰበሰባል። አብዛኛው አባል «ትባረርና ለሌሎቹ መማሪያ ትሁን» ይላል። «አንተ ምን ትላለህ? ይህን ነገር በራስህ ላይ ታውቀዋለህ» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ አውቀዋለሁ። በ1998 ዓ.ም ኅዳር ላይ እኔም ጠፍቼ ነበር።

ወላጆቼ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ በሚያወጣው መንገድ፣ ከረቡዕ ገበያ አለፍ ብሎ ገብስና ድንች የሚያበቅሉ ገበሬዎች ናቸው። ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ በአንድ አዳሪ ቤት ቦታ አገኘሁ። የቤቱን ስም አልጠራም፤ የዛሬው ጉዳዬ እሱን መክሰስ አይደለም። አባቴ ዕድለኛ ነህ ብሎ መርቆኝ ነበር። እውነትም ዕድለኛ ነበርኩ። የመንደሬ ልጆች ማርቆስ ላይ ለአራትና ለአምስት አንድ ክፍል ተከራይተው፣ በየሳምንቱ እንጀራና በሶ ከቤት ተሸክመው ነበር የሚማሩት። እኔ ተደራራቢ አልጋ፣ ትኩስ ሽሮና መብራት ነበረኝ።

አንድ ማክሰኞ ገበያ የመጣ የመንደራችን ሰው አጥር ላይ ጠርቶኝ «እናትህ ታማለች፤ ከተኛች ሳምንቷ ነው» አለኝ። ወዲያው ተቆጣጣሪያችን ጋ ሄጄ ፈቃድ ጠየቅሁ። «ፈቃድ የሚሰጠው ቅዳሜ ነው» አለ። እናቴ መታመሟን ነገርኩት። «ሁሉም እናቱ ትታመማለች» አለና ወደ መዝገቡ ተመለሰ። በዚያው ሌሊት ከሽንት ቤቱ ጀርባ ባለው አጥር ዘልዬ ወጣሁ። የ14 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጋቢ እንኳ አልያዝኩም፤ ጋቢ ይዤ ብወጣ የሚነቁብኝ መስሎኝ ነበር።

የኅዳር ሌሊት በዚያ አገር ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ማርቆስ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ናት፤ እኔ ደግሞ ወደ ላይ ነው የምወጣው። ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ነበር። ጅብ ሁለት ጊዜ ሰማሁ። ውሻ ስፈራ ከመንገድ እየወጣሁ በማሳ ውስጥ ተጓዝኩ። ጎሕ ሲቀድ እቤት ደረስኩ። እናቴ ተሽሏት ተነሥታ እሳት እያነደደች ነበር። ስታየኝ መጀመሪያ ያደረገችው እግሬን መንካት ነው። ደንዝዞ ነበር።

በማግስቱ አባቴ ይዞኝ ተመለሰ። ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ስሜ ተጠራ። ሸሚዜን እንዳወልቅ ታዘዝኩ። በጎማ አለንጋ 15 ጊዜ ተገረፍኩ፤ ቁጥሩን የማውቀው ተማሪው በሹክሹክታ ይቆጥር ስለነበር ነው። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ዳር ቆሞ ነበር። ሲያበቃ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ቅጡልኝ» ብሎ እጅ ነሥቶ ሄደ። አልፈርድበትም፤ ቦታዬን እንዳይነጥቁኝ ፈርቶ ነው።

የሚገርመው ከዚያ ሁሉ የትምህርት ቤት ሠራተኛ «ለምን ወጣህ?» ብላ የጠየቀችኝ ወጥ ቤት የምትሠራ አንዲት እናት ብቻ ነበረች። ጀርባዬን በሞቀ ውኃ እያጠበች «ምን ሆነህ ነው ልጄ?» አለችኝ። ነገርኳት። «ታዲያ ይህን ለምን አልነገርካቸውም?» አለች። ነግሬያቸው ነበር።

የኔ ታሪክ በዚህ ቢያልቅ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። እኛ ዘመን ያልተገረፈ ተማሪ ማን አለ? ተገርፌ ተማርኩ፣ ተመረቅሁ፣ ሰው ሆንኩ ብዬ እንደ ብዙዎቻችን ልፎክርበት እችል ነበር። የማያስፎክረኝ ከኔ በታች ባለው አልጋ ይተኛ የነበረው ልጅ ነው።

ይህ ልጅ ሌሊት አልጋው ላይ ይሸና ነበር። ከቤቱ ሲመጣ አልነበረበትም፤ እዚያ ከገባ በኋላ የጀመረው ነው። በምስጢር የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሌሊት ተነሥተን ፍራሹን አብረን እንገለብጥ ነበር። መጋቢት ላይ ተደረሰበት። ተቆጣጣሪው ፍራሹን አሸክሞ በቁርስ ሰዓት ግቢውን አዞረው። ሴቶቹም ወንዶቹም ሳቁ። እኔም ስቄአለሁ፤ እንዳልስቅ ደግሞ «አንተም ትሸናለህ» እንዳልባል ፈራሁ። በዚያው ዕለት ማታ ልጁ ለእራት አልመጣም።

ትምህርት ቤቱ ምን አደረገ? ማታ ማንም አልቆጠረም። ጠዋት ቆጠሩ፤ አንድ ጎደለ። የአልጋ ጎረቤቱ ስለሆንኩ ተጠራሁ። ጥያቄው «በየት ወጣ?» እና «ማን ረዳው?» የሚል ነበር። አለንጋው ጠረጴዛው ላይ ነበር። አላውቅም አልኩ። ለምን እንደወጣ ግን በደንብ አውቅ ነበር፤ እሱን ደግሞ የጠየቀኝ የለም። ከሳምንት በኋላ ስሙ ከመዝገብ ተሰረዘ። ወላጆቹ ጋ ሰው አልተላከም። አባቱ በሚቀጥለው ቅዳሜ በሶ ቋጥሮ መጥቶ በር ላይ ሲያስጠራው ነው የሰማው። ዘበኛው «ልጅህ ጠፍቷል» አለው። ሰውዬው ያለው ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ፦ «እንዴት ይጠፋል? ለእናንተ ሰጥቻችሁ!»

አማርኛችን «ጠፋ» የሚለውን ቃል ለሁለት ነገር ያውለዋል። አንዱ ኮበለለ፣ አመለጠ ማለት ነው፤ ጥፋቱ የጠፋው ሰው ነው። ሌላው ደግሞ ሳንቲም ጠፋ፣ በግ ጠፋ እንደምንለው ነው፤ እዚህ ላይ የሚጠየቀው ያዡ ወይም ጠባቂው ነው። በግ ሲጠፋ በጉን የሚወቅስ እረኛ የለም። ዘበኛው ቃሉን የተናገረው በመጀመሪያው ትርጉም ነው፤ አባትየው የሰማው በሁለተኛው። አዳሪ ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪ ሲጠፋ የሚሠሩት ስህተት በሙሉ ከዚህ ከቃሉ አጠቃቀም ይጀምራል እላለሁ። ጉዳዩን የዲሲፕሊን ጉዳይ ያደርጉታል። የደኅንነት ጉዳይ ነው መጀመሪያ።

ልጁን ያገኘሁት ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ነው። እሱ ነው ያወቀኝ። ግንበኛ ሆኗል። በፊት መተማ ወርዶ ሰሊጥ አጭዷል፤ ወባ ሊገድለው ነበር። ሻይ ይዘን ተቀመጥን። «ያን ጊዜ የት ሄድክ?» አልኩት። «የትም አልሄድኩም» አለኝ። «ሁለት ሌሊት ማርቆስ መናኸሪያ ነው ያደርኩት። መመለስ ፈልጌ ነበር።» መናኸሪያው ከትምህርት ቤታችን በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። «ታዲያ ለምን አልተመለስክም?» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና «ኅዳር ላይ አንተን ሲገርፉህ አይቼ ነበር» አለኝ።

እስቲ ይህን ነገር ቆም ብላችሁ አስቡት። እኔ የተገረፍኩት ሌላው እንዳይወጣ ነው። ግርፊያው ሌላው እንዳይወጣ አላደረገም፤ ሌላው እንዳይመለስ ግን አደረገ። በተመለሰ ተማሪ ላይ የምንፈጽመውን ነገር በጥሞና የሚመለከተው፣ አንድ ቀን እሱም በር ላይ የሚቆመው ልጅ ነው።

ይህ የኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። ካናዳ ውስጥ ለነባር ሕዝቦች ልጆች ተብለው በተቋቋሙት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ብዙ ልጆች ኮብልለው መንገድ ላይ ሞተዋል። በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዕለት፣ 1937፣ ሌጃክ ከሚባለው ትምህርት ቤት አሥር ዓመት ያልሞላቸው አራት ልጆች ወደ መንደራቸው ለመሄድ ወጡ። ፍለጋ የተጀመረው በማግስቱ ነው። ሐይቅ ላይ በረዶ ሆነው ተገኙ። በጥቅምት 1966 ደግሞ ቻኒ ዌንጃክ የሚባል የ12 ዓመት ልጅ 600 ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኘው ቤቱ በባቡር ሐዲድ ላይ በእግሩ ሲጓዝ በብርድና በረኃብ ሞተ። እነዚያ ትምህርት ቤቶች ልጆችን ከቋንቋቸውና ከወገናቸው ለመነጠል የቆሙ ነበሩ፤ ከኛዎቹ ጋር አንድ ናቸው አልልም። ብርዱ ግን አንድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ዋጋም አንድ ነው።

እኛ ጋ ደግሞ ብርድና ጅብ ብቻ አይደለም። ኅዳር 2012 ላይ ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ሲጓዙ የታገቱትን ተማሪዎች የረሳ የለም። ኮብላዮች አልነበሩም፤ ግቢው ሰላም አልሆን ብሏቸው የወጡ ልጆች ነበሩ። ስንት እንደታገቱ፣ ስንቱ እንደተለቀቁ እንኳ መንግሥትና ወላጆች ሳይስማሙ ወራት አለፉ። ሰኔ 2016 ላይም ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ተማሪዎች ዓባይን ተሻግረው ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከነአውቶቡሳቸው ታገቱ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ክልላችን ያለበትን ሁኔታ እናንተው ታውቁታላችሁ። እኔ በ1998 በሌሊት የሄድኩበትን መንገድ ዛሬ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ብቻውን ቢሄድበት ከየትኛው ወገን ማን አስቁሞ ምን እንደሚለው ማሰብ ያስፈራል። «ርቦት ይመለሳል» ብሎ እስከ ጠዋት መጠበቅ በእኔ ጊዜ ቸልተኝነት ነበር። ዛሬ ከዚያም የከፋ ነው።

ስለዚህ ለወዳጄ የመለስኩለትን ለእናንተም ልበላችሁ።

አንደኛ፣ ማታ ቁጠሩ። ከእራት በኋላና መብራት ከመጥፋቱ በፊት። ማን እንደጎደለ ጠዋት የሚያውቅ ትምህርት ቤት ስምንት ሰዓት አጥቷል።

ሁለተኛ፣ ልጅ መጥፋቱ እንደታወቀ በዚያው ሰዓት ለወላጅ ደውሉ። የኛ ሰዎች ይህን የሚያዘገዩት «ምን ይሉናል» ብለው ነው። «ምናልባት ይገኛል፣ ከተገኘ በኋላ እንነግራቸዋለን» ይባላል። ልጁ የት ሊሄድ እንደሚችል ግን ከእናቱ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ አክስቱ የት እንዳለች፣ ማንን እንደሚወድ እሷ ናት የምታውቀው። ለፖሊስም ፎቶውንና የለበሰውን ልብስ ጨምሮ አስታውቁ። አንድ ሰው ወደ መናኸሪያ፣ አንድ ሰው ወደ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላኩ።

ሦስተኛ፣ የአልጋ ጎረቤቱን ጠይቁ፤ አለንጋውን ግን ከጠረጴዛው ላይ አንሡት። «አንተ አትቀጣም፣ የጓደኛህን ነፍስ ነው የምንፈልገው» ብላችሁ ጀምሩ። እኔ እንዲያ ብባል ኖሮ ሁሉንም እናገር ነበር። መናኸሪያ ሄጄ አብሬ እፈልገውም ነበር።

አራተኛ፣ ሲመለስ መጀመሪያ ምግብ፣ ልብስ፣ ሐኪም፤ ቀጥሎም ወደ ቤቱ ስልክ። የዚያን ዕለት ምርመራ የለም።

አምስተኛ፣ በቀጣዮቹ ቀናት አንድ ሰው ለብቻው ያነጋግረው። ያ ሰው የሚቀጣው ሰው መሆን የለበትም። እንግሊዝ አገር በ2014 በወጣ መመሪያ መሠረት ጠፍቶ የተገኘ ልጅ በ72 ሰዓት ውስጥ ገለልተኛ የሆነ ሰው እንዲያነጋግረው ዕድል ይሰጠዋል። ይህ የገንዘብ ጉዳይ አይደለም። እኛ ዘንድ ያቺ የወጥ ቤት እናት ትበቃለች፤ ልጆች የሚያምኗት ሴት መምህር፣ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ነርስ ይበቃል። በተለይ ሴት ልጅ ስትሆን «ከማን ጋር ነበርሽ?» የሚለው የመጀመሪያ ጥያቄ አይሁን። ያስወጣት በግቢው ውስጥ ያለ ወንድ ሊሆን ይችላል፤ ተማሪም፣ ሠራተኛም። ቤቷ ያለ የጋብቻ ወሬም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ «ወላጅ አምጪ» ብሎ መስደድ ወደሸሸችው ነገር መልሶ ማስረከብ ነው።

ስድስተኛ፣ ምክንያቱን መዝግቡት። በዓመት ውስጥ ሦስት ልጅ ከአንድ ዶርም ከወጣ ችግሩ የልጆቹ ጠባይ ሳይሆን የዶርሙ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ክርክር አውቀዋለሁ። ወዳጄም አንሥቶታል። «ካልተቀጣ ነገ ግቢው ባዶ ይቀራል» ይላሉ። ፍርሃቱ ይገባኛል። አንድ ተቆጣጣሪ መቶ ምናምን ልጅ ይዞ፣ በማትበቃ ደመወዝ ሌሊቱን ሲዞር ያድራል። አንድ ልጅ ቢጎዳ የሚጠየቀው እሱ ነው። ሕግ አይኑር አላልኩም። የወጣበት ሁኔታ ከተጣራ በኋላ ጥፋት ካለ ጥፋቱ ይነገረው፤ የእረፍት ቀኑ ይቀነስ፣ ግቢ ውስጥ ሥራ ይሥራ፣ አደራ ሰጪ ይጥራ። ግርፊያን ግን የሚከለክለው የኔ ስሜት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። እኔ ሰልፍ ላይ ስገረፍ ይህ ሕግ ከጸደቀ አሥር ዓመት አልፎት ነበር።

ማባረርስ? ማባረር ግርፊያው በሌላ መልኩ ነው። የገጠር ልጅ ከአዳሪ ቤት ሲባረር የሚሄድበት ሌላ ትምህርት ቤት የለውም። የሚጠብቀው እርሻ፣ መተማ ወይም አዲስ አበባ ነው፤ ለሴቷ ደግሞ ባል ወይም የሰው ቤት ሥራ።

«ድሮም እንዲህ ነበር» የሚሉኝ አሉ። በቄስ ትምህርት ቤት የሚኮበልል ልጅ እግሩ ይታሰር እንደነበር ሽማግሌዎቻችን ይነግሩናል፤ እውነት ነው። ግን የዚያው የጎጃም የትምህርት ባህል ሌላ ገጽ አለው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ደርቦ ከመምህር መምህር፣ ከደብር ደብር ይዞራል። ሐዲስ ዓለማየሁ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ተዘዋውረው ነው የተማሩት። ስንቱ ታላቅ ሊቅ ከቤቱ ኮብልሎ ነው የተማረው! ያ ኮብላይ ልጅ አንድ የኔታ ደጅ ሲደርስ «ከየት ጠፍተህ መጣህ?» ተብሎ አልተመለሰም። ጎጆ ተሰጠው፣ ቁራሽ ተካፈለ፣ ፊደሉ ቀጠለ። ባህል ከተባለ እኔ ይኸኛውን እመርጣለሁ።

ወዳጄ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት። «ልጅቱን ለምን እንደወጣች የጠየቃት ሰው አለ?» አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ «ኮሚቴው ሰኞ ይጠይቃታል» አለ። አምስት ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ፣ እሷ ቆማ። እንዲያ አይጠየቅም አልኩት። ነገ ሂድና ወጥ ቤት የምትሠራውን ሴት ጥራት፤ እሷ ሻይ አፍልታ ለብቻቸው ያውሩ አልኩት። «እሞክራለሁ» ብሎኛል።

ያቺ ልጅ ሦስት ቀን ውጭ ቆይታ ተመልሳለች። ማንም ጎትቶ አላመጣትም። በሩን በገዛ እጇ ነው ያንኳኳችው። የኔ ጓደኛ መናኸሪያ ሁለት ሌሊት አድሮ ማድረግ ያልቻለውን እሷ አድርጋዋለች። ሰኞ ኮሚቴው የሚወስነው ስለ እሷ ብቻ አይደለም። የግቢው ተማሪ በሙሉ ጆሮውን አቁሞ እየጠበቀ ነው።

አዳሪ ሆናችሁ የተማራችሁ፣ አዳሪ ቤት የምትሠሩ፣ ልጃችሁን ለአደራ የሰጣችሁ ቤተሰቦች ያያችሁትን ጻፉልኝ። ለወዳጄ ከሰኞ በፊት አደርስለታለሁ።

ሰላም ዋሉ።